ከሁለተኛው ምሰሶ ወዲያ

ሰኞ፣ የካቲት 14

ትልቁ ካሜራ፣ ፉል ፍሬሙ፣ አሸነፈ። ምስሉ እስከ ዳር ድረስ ጥርት ያለ ነው።

የትናንቱን ሠርግ በሁለቱም ካሜራዎች፣ በአንድ ሌንስ፣ ከአንድ ቦታ ቆሜ አንሥቻለሁ። ለፍርድ እንዲመቸኝ እጽፈዋለሁ፦

ክሮፑ (የራሴው ትንሹ ካሜራ)፦ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ሌንሱ ከሚያየው ዙሪያውን ቆርጦ መሐሉን ብቻ ያስቀራል። ቀላል ነው። ድንኳን ውስጥ ግን ምስሉ ይሻክራል።

ፉል ፍሬሙ፦ ምንም አይቆርጥም። በጥላ ውስጥ እንኳ የሙሽራዋን ጥልፍ ክር በክር ይለያል። ይከብዳል። ሚዜዎቹን ከመተማ ዮሐንስ ስንቀበል ኬላው ላይ ፖሊሱ «ጋዜጠኛ ነሽ እንዴ?» ብሎ ሁለት ጊዜ አገላበጠው፤ ላብ አጠመቀኝ።

ለሙከራ ያዋሰኝ የጎንደሩ የአክስቴ ልጅ «እስከ ዓርብ ወስኚ» ብሎኛል። ወስኛለሁ ማለት ይቻላል። ለሠርጉ ከጎጃም የመጡት የሙሽራዋ አጎት፣ አቶ ይርዳው፣ አንዱን መርጠው አጉልተው ለማሳተም አሥር ፎቶ ወስደዋል። አሥሩም በትልቁ የተነሡ ናቸው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 15

ፈርቻለሁ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ጫኔ መጣ። በከተማችን በገንዳ ውሃ ሠርግ ሲኖር ድንኳን የሚተክለው እሱ ነው፤ አራት ዓመት በየሠርጉ አብረን ውለናል። የስቱዲዮውን መጋረጃ ሳበና፣ «እህት ዓለም፣ ካሜራ ቀየርሽ?» አለኝ።

አዎን አልኩት።

«በድሮው ከሁለተኛው የድንኳን ምሰሶ ወዲያ ስቆም አታገኚኝም ነበር። ለክቼዋለሁ።»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ያኔ ነገረኝ፦ ጫኔ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ጎጃም ውስጥ በእርሻ ወሰን ጠብ ሰው ገድሎ ሰባት ዓመት ታስሯል። ከማረሚያ ቤት የተለቀቀበትን ወረቀት አሳየኝ፤ ሌላ ስም ተጽፎበታል። «መንግሥት ፍርዱን ጨርሶልኛል። የሟች ወንድሞች ግን ገና ናቸው» አለ። ዕርቅ አልወረደም፤ ደም ሊመልሱ ይፈልጉታል። አቶ ይርዳው የዚያው ቀበሌ ሰው ናቸው። በሠርጉ ዕለት እንዳያዩት ዳር ዳሩን ነበር የዋለው።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ከአሥሩ ሰባተኛው ፎቶ፦ መሐል ላይ ሙሽሮቹ፤ በቀኝ ዳር፣ የድንኳኑን ገመድ እንደያዘ፣ ጫኔ። የቅንድቡ ጠባሳ ሳይቀር ይታያል። ከዚያው ቦታ በክሮፑ ያነሣሁት ምሰሶው ላይ ያበቃል። የአራት ዓመቱን ፎቶ ሁሉ አገላበጥኩ። አንድም ቦታ የለም። አንድ ገመድ የያዘ እጅ ብቻ።

ረቡዕ፣ የካቲት 16

ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩት ደንብ አለ፦ የሌለ አይጨመርም፣ ያለ አይቀነስም። የሞተ አባት ከሙሽራ ጎን እንድጨምር ለምነውኝ እንቢ ብያለሁ። ክሮፑ ግን በየሠርጉ ሳያማክረኝ ሰው ሲቀንስ እንደኖረ ዛሬ ገባኝ።

ወደ ሠርጉ ቤት ሄድኩ። የቀለም ስሕተት አለበት ብዬ ልዋሽ አስቤ ነበር፤ ከአፌ አልወጣልኝም። «ሰባተኛውን ልውሰደው» አልኩ ብቻ።

«እሱንማ አትንኪብኝ!» አሉ አቶ ይርዳው። «የወንድሜ ድንኳን እስከ ዳር የታየው በዚህ ነው። ሰሊጥ እንዴት እንዳበለጸገው ያገር ሰው ይየው።» ጣታቸው ወደ ቀኝ ሄደ። «ገመድ የያዘው ማነው?»

«ድንኳን ተካዩ።»

«ስሙስ?»

«ጫኔ ይሉታል።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ። «ሰው ይመሳሰላል» አሉ። ፎቶውን ኪሳቸው ከተቱት።

ሐሙስ፣ የካቲት 17

ለጫኔ ነገርኩት። «ሸሽቼ አብደራፊ እወርዳለሁ» አለ፤ ወዲያው ደግሞ፣ «ልጄ ትምህርት ቤት የተመዘገበችው በጫኔ ስም ነው። ስንት አባት ልሁናት?»

ከሰዓት በኋላ አቶ ይርዳው ብቻቸውን መጡ። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ሁለተኛውን ምሰሶ በጥፍራቸው ጫን አሉት።

«ከዚህ ወዲያ ያለውን ቁረጪልኝ፣ ልጄ።»

«ድንኳኑ ይጎድላል» አልኩ፤ ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

«ይጉደል። የእኛ አገር ሰው ፎቶ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው ሙሽራዋን አይደለም፤ ዳር ዳሩን ነው። የሟችን መቃብር ከቆፈሩት አንዱ ነበርኩ። ሁለተኛ መቆፈር አልፈልግም።»

ቆርጬ አዲስ አተምኩላቸው። ደንቤን ከግድግዳው አላወረድኩትም። ቀና ብዬም አላየሁት።

በሩ ላይ ዘወር አሉ። «እኔ ዝም እላለሁ። ግን ከጎጃም የመጣነው አሥራ አንድ ነን፤ ፎቶውም ሁለት ቀን ከእጅ እጅ ሲዞር ከርሟል።»

ዓርብ፣ የካቲት 18

እንግዶቹ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄዱ። ጫኔ አልሄደም። ረፋዱ ላይ መጣና፣ «እሑድ ሌላ ሠርግ አለ። የትኛውን ትይዣለሽ? መቆሚያዬን ልወቅ» አለኝ።

ትልቁን አንሥቼ አየሁት። ወደ ጎን አንድ እርምጃ ሄደ።

«አሁንስ?»

«ትታያለህ።»

ሌላ እርምጃ። «አሁንስ?»

«ትታያለህ።»

ግድግዳው አስቆመው። አሁንም ይታየኝ ነበር።

ክሮፑን አነሣሁ። እዚያው ግድግዳው ጋ እንደቆመ ከመመልከቻው ጠፋ።

ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ትልቁን በስድስት ሰዓቱ ሚኒባስ ላክሁለት። አሳዘነኝ፤ ያን ጥልፍ ዳግመኛ እንዲያ አላነሣውም።

ጫኔ ሊወጣ ሲል ቆም አለ። «በስልክ የሚያነሡትስ? እነሱ እስከ የት ነው የሚያዩት?»

እንደማላውቅ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።