ድንኳኑ የቆመበት መንገድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ወንበር እየጠረግኩ ነው። ጤዛ ወርዶባቸዋል። ሰው ሳይመጣ የእድሩን ወንበሮች ማድረቅ፣ ጀሪካን መሙላት፣ ምንጣፍ ማራገፍ የኔ ሥራ ሆኗል። ጥሩ ነው። እጄ ሥራ ሲይዝ ማንም አያናግረኝም።

የልቅሶው ሦስተኛ ቀናችን ነው። ወንድሜ ሙባረክ እሁድ ጠዋት አዲሱ ገበያ ያለውን ሱቃችንን ሊከፍት በሳይክሉ ወጣ። የሳይክሉ መንገድ ላይ ሚኒባስ ቆሞ ነበር። ሊያልፈው ወደ መኪናው መንገድ ወጣ። ከኋላ ከባድ መኪና። ደብተሬ፣ ከዚህ በላይ አልጽፍልህም።

ቅያሳችን ቁልቁለት ነው፤ ድንኳን አይይዝም። ስለዚህ ታች ዋናው መንገድ ዳር ተተከለ፤ አዲሱ የሳይክል መንገድ ላይ። ሜዳ ነው፣ ንጹሕ ነው። አስፋልት ካስማ ስለማያስገባ ገመዱን መንገዱን ከመኪና በሚለዩት አጫጭር ብረቶች ላይ አሰሩት። ጠንካራ ሆኗል። ነፋስ እንኳ አያነቃንቀው።

ሰው መምጣት ጀመረ። ልሂድ።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

መጻፍ አልፈልግም። ግን ለማን ልንገር።

ከሰዓት በኋላ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ከታች በሳይክል መጣች። ድንኳኑ ጋ ስትደርስ መንገዱ አለቀባት። እኔ መግቢያው ላይ ነኝ። በመኪናው መንገድ ዙሪ ብዬ በእጄ አሳየኋት። ለሚመጣው ሁሉ እንዲሁ ሳሳይ ነው የዋልኩት። ዞረች። ከኋላዋ ሚኒባስ ፍሬን ያዘ። ድምፁን እንደሰማሁ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ መሬት ላይ ነች። መኪናው አልነካትም። ክርኗ ተልጧል፣ ደም አለ።

የሚኒባሱ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «አንቺ፣ ልቅሶ ቤት መሆኑ አይታይሽም? አንድ አልበቃቸው ብሎ ሌላ ልትጨምሪላቸው ነው?» አላት።

ልጅቷ ተነስታ ይቅርታ ጠየቀች። እኛን። እግዚአብሔር ያጥናችሁ አለችን፤ ክርኗን በሹራቧ ሸፍና ሳይክሏን እየገፋች ሄደች። ውሃ እንኳ አላቀረብኩላትም። አጠገቤ ሙሉ ጀሪካን ነበር።

ድንኳን ውስጥ ወሬው ሁሉ ሳይክል ሆነ። የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ደምሴ፣ ሳይክል የሚባል ነገር ከከተማው ይጥፋ አሉ። ጎናቸው ያሉት ሽማግሌ፣ «ባለ ሁለት እግሩ በሁለት ጎማ ምን አስኬደው» አሉ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ወዲያው አፍረው ዝም አሉ። አባባ ምንጣፉን ያያል። ቀና ብሎ ድንኳኑን ያየ የለም።

ደብተሬ፣ ስማ። እሁድ ዕለት ጋሽ ደምሴ የት እንትከለው ብለው ሲጠይቁ አባባ መናገር አልቻለም። ወደኔ ዞሩ። እዚያ ሜዳው ላይ ብዬ አሳየሁ። ዛሬ ለልጅቷ ባሳየሁበት እጅ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ድንኳኑ ተነሳ። ገመድ ፈታሁ። አስፋልቱን ጠረግኩ፣ ሁለት ጊዜ። ወዲያው አንድ ሳይክል አለፈ፤ ነጂው ቀና ብሎም አላየኝም። ለምን ያየኛል። መንገዱ ነው።

እማ ሁሉም ሰው መጥቶ አለቀሰልን፣ አላህ ይስጣቸው አለች። አዎ አልኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ 9 ሰዓት

ት/ቤት ተመለስኩ። ልጆቹ ለስለስ ብለዋል። ሁልጊዜ ቦርሳዬን የሚደብቀው ቶፊቅ ዛሬ ተሸከመልኝ። ይሄ ይብሳል።

ጠዋት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጠርተውኝ ነበር። ሰልፍ ላይ ስለ መንገድ ደኅንነት ሁለት ቃል እንድናገር፣ ካልቻልኩም እንደሚረዱኝ ነገሩኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ወጣሁ። ስለ ሙባረክ ተናገርኩ። የሳይክል መንገድ ላይ የሚያቆም ሰው መኪና ብቻ አይደለም የሚያቆመው አልኩ፤ የሰው ልጅ ገፍቶ ያወጣል አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ተጨበጨበ። አንዷ መ/ርት እንባዋን ጠረገች።

ከዚያ አየኋት። ስምንተኛ ክፍሎች መስመር ላይ፣ ሦስተኛዋ። ክርኗ በፋሻ ታስሯል። እሷም ታጨበጭባለች፤ ፋሻው እንዳይነካ በቀስታ።

በእረፍት ሰዓት ፈልጌ አገኘኋት። ስሟ ረድኤት ነው። ይቅርታ ልላት ነበር የሄድኩት፤ ቀድማ ተናገረች።

«ጎበዝ፣ ጥሩ ተናገርክ።»

የድንኳኑን ነገር አነሳሁባት።

«እሱ እኮ ልቅሶ ነው» አለችኝ፣ የማላውቀውን እንደምታስረዳኝ ሆና። «ልቅሶ ምን ይደረጋል?»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ 12 ሰዓት ማታ

ከሰዓት የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ከኛ በታች ያሉት ጋሽ ወርቁ አረፉ። ታመው ነበር። ልጃቸው ዘካርያስ ከኔ በአንድ ክፍል ይበልጣል፤ ሙባረክ ሳይክል ያስተማረው ልጅ ነው።

ወንዶቹ ድንኳኑን ተሸክመው ወረዱ። የት እንደሚሄዱ እግሬ አወቀ። ቀድሜያቸው ሮጥኩ። ጋሽ ደምሴን ለመንኩ፤ እዚህ አይሁን፣ ባለፈው ልጅ ወድቃለች አልኳቸው። እሳቸው ራሴን ዳሰሱኝ። ሐዘን ነው የሚያናግርህ፣ አይዞህ ልጄ አሉ። ገመዱን ማሰር ቀጠሉ። ያንኑ ብረት።

ዘካርያስ ሰምቶኛል። ቀረብ ብሎ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ቀስ ብሎ፦

«የናንተ ሲሆን ሜዳ፣ የኛ ሲሆን መንገድ?»

  አባቱ ሞቷል። ያን እሁድ እኔንም እዚህ አይሁን ያለኝ ሰው ቢኖር በድንጋይ እለው ነበር። ገመድ ወሰድኩና አብሬያቸው አሰርኩ። አዎ፣ አሰርኩ። ጻፈው።

ቤት ገብቼ ለአባባ ሁሉንም ነገርኩት። ቦታውን ያሳየሁት እኔ መሆኔን፣ ልጅቷን፣ ሰልፉ ላይ የተናገርኩትን፣ ዛሬ ያሰርኩትን። ይቆጣል ብዬ ነበር። ከዚያ እሁድ ወዲህ የሙባረክን ስም አልጠራም።  «አንተ ባታሳይም እኔ እዚያው እል ነበር» አለኝ። ተነስቶ ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ ወጣ።

ቀለለኝ ልበል? አልቀለለኝም። ሁለት ሆንን እንጂ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17፣ ጠዋት 12 ተኩል

እያሰብኩ ነበር። ሐዘንተኛ ፊት ድንኳን አላፈርስም። ነውር ነው፤ መብትም የለኝም። የእድሩ ስብሰባ ሲደርስ ግን እናገራለሁ። ድንኳን በሳይክል መንገድ አይተከል፤ የቅርብ ግቢ ይፈለግ፣ ካልተገኘ የኛ የሱቁ ጓሮ ዕቃው ቢነሳ ይበቃል። ልጅ በእድር አይናገርም ይሉ ይሆናል። ይበሉ።

እስከዚያ ዛሬ አለ፣ ነገ አለ። ተማሪዎች በሳይክል የሚወርዱት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ነው። ከድንኳኑ በላይ የመኪናው መንገድ ላይ እቆማለሁ። ሳይክል ሲመጣ መኪናውን በእጄ አስቆማለሁ፣ ዞረው እስኪያልፉ። ሾፌሮቹ ጥሩምባ ይንፉ። ይስደቡኝ። ዘካርያስም ይየኝ። ት/ቤት አረፍዳለሁ፤ ም/ር/መምህሩ ከጠየቁኝ ይሄንንም ሰልፍ ላይ እነግራቸዋለሁ፤ የድንኳኑን ቦታ ያሳየሁት እኔ መሆኔንም ጨምሬ።

አባባን ትመጣለህ ወይ አልኩት።  አሁን በሩ ተከፍቷል። ውጪ ቆሞ ያስላል። የሱቁን ቁልፍ አልያዘም፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሁለት የሚያንጸባርቁ የሥራ ሰደርያዎች ከየት እንዳመጣ አላውቅም፤ አንዱን ለብሷል፣ አንዱ በእጁ ነው።