ያኮረፈው አውራ ጣት

ሰኞ

ዛሬ አዳማ ውስጥ አንድ ሮቦት በክንድ ትግል ጣልኩ። እሺ፣ አልጣልኩትም። ክንዴን አስረውልኝ አብረን ሠራን ብል ይሻላል። ግን ማንም ቢያየን የምበልጠው እኔ ነበርኩ።

ስክሪኑ ላይ ብርቱካን አለ፣ ቅርጫት አለ። ቀኝ እጄን ብረቱ ላይ ያስሩታል፤ ስገፋ ብርቱካኑ ወደ ቅርጫቱ ይሄዳል። የኔ ሁሉም ገባ! ፊዚዮቴራፒስቷ ሲፈን "ጎበዝ፣ ጋሽ ደቻሳ" አለችኝ። የልጄ እኩያ ናት። ጎበዝ የምትለው ለሁሉም ታካሚ ነው፤ እሱን አልጻፍኩም እንበል።

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በአውራ ጣቴ ስፈርም ኖሬ፣ የማታ ትምህርት ገብቼ በቀኝ እጄ መጻፍ በለመድኩ ማግስት ስትሮክ መጥቶ ያንኑ እጅ ያዘው። ግራው ገና ሀሁ ላይ ነው። ፊደሎቹ የተጋደሙት ለዚያ ነው እንጂ እኔ ቀጥ ያልኩ ሰው ነኝ።

ማክሰኞ

ዛሬ ደግሞ ኤሌክትሪክ። ክንዴ ላይ የሚጣበቅ ነገር ይለጥፉና ጉንዳን የለቀቁብኝ ይመስለኛል። ጣቶቼ ራሳቸው ተነስተው ይከፈታሉ። ሲቆም ተመልሰው ይጨበጣሉ። "ሲመጣ ዝም ብለው አይዩት፣ እርስዎም አብረው ለመክፈት ይሞክሩ" አለችኝ ሲፈን። "ይሄን ኤሌክትሪክ ለከተማችን ለባቱ ብትለቁት መብራት አይጠፋብንም ነበር" አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን መሞከሩን ረሳሁት።

ማታ ወንድሜ ገመቹ ከባቱ ደወለ። ጋሪዬና ፈረሴ ዳማ እሱ ጋ ናቸው።

"ደቻሳ፣ ፈረሱ እንዲህ ቆሞ መዋል የለበትም። መቂ ሊገዛው የሚፈልግ ሰው አለ። ቅዳሜ ና። ዛብ ከያዝክ ያንተ ነው፤ ካልቻልክ ይሂድ።"

"በአንድ ጣቴ እይዘዋለሁ!" አልኩት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የትኛው ጣት እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ።

አዳማ የመጣሁት ለዳማ ስል ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም። ቀልድም ነው።

ረቡዕ

ዛሬ ተዋረድኩ።

ሲፈን ማሽኑን ነካ ነካ አድርጋ "እገዛውን ቀንሼዋለሁ" አለች። ገፋሁ። ብርቱካኑ ቁጭ። እንደገና ገፋሁ። ቁጭ።

"ተበላሽቷል" አልኳት።

"አልተበላሸም ጋሼ። እርስዎ ካልገፉ እሱ ይገፋልዎት ነበር። ሰኞ አብዛኛውን የሠራው እሱ ነው።"

ተናደድኩ፤ በኋላ ግን ሳቄ መጣ። ድሮ ከባቱ ገበያ ስመለስ ጋሪው ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ዳማ መንገዱን ያውቃል፤ ባጃጁን አሳልፎ፣ ጉድጓዱን ዞሮ፣ ደጄ ላይ አድርሶኝ ይቆማል። በማግስቱ ለሰው "ትናንት የነዳሁትን አነዳድ ብታዩ!" እላለሁ። ሰኞም ጋሪው ላይ ተኝቼ ነበር ማለት ነው።

ሸሚዜ ላብ በላብ እስኪሆን ገፋሁ። ብርቱካኑ ትንሽ ሄደ። ቅርጫቱ ጋ አልደረሰም። ግን ያቺ ትንሽ የኔ ናት።

ሐሙስ

ልጄ ሌንሴ ቀበቶ ይዛልኝ መጣች፣ እንደ ዛብ እንድለማመድበት። ሲፈን አንዱን ጫፍ ይዛ ተቀመጠች። ፈረስ ሆነች ማለት ነው። ጨበጥኩ።

"አያያዝ ማለት እንዲህ ነው!"

"በጣም ጥሩ። አሁን ይልቀቁኝ።"

ጣቶቼ እምቢ አሉ። ብትጎትት፣ ብትጎትት፣ አልለቅም።

"አባዬ፣ ልቀቃት እንጂ!" አለች ሌንሴ እየሳቀች።

እዚህ ላይ የኔ ሳቅ አለቀ። ዛብ ማላላት የማይችል ነጂ የፈረሱን አፍ ይቀደዋል። ስለ መያዝ ስጨነቅ ስለ መልቀቅ አስቤም አላውቅም።

ሲፈን ኤሌክትሪኩን ለጠፈችልኝ። ዛሬ ስቀልድ አልዋልኩም፤ በመጣ ቁጥር አብሬ ለመክፈት ታገልኩ። መጨረሻ ላይ ነቀለችውና "አሁን ብቻዎን" አለች። አምስቱም ጣቶቼ ተከፈቱ! ቀበቶው መሬት ወደቀ። ሌንሴ ጉንጬን ሳመችኝ።

ዓርብ

ነገ ይዤ የምሄደው፦ ከዘራ፣ መድኃኒት፣ ለዳማ ሸንኮራ፣ ለገመቹ ጉራ። ጉራውን ትቼው ብሄድ ሳይሻል አይቀርም።

ሲፈን "ብቻዎን እንዳይነዱ፤ ወንድምዎ አጠገብዎ ይሁን" ብላኛለች። እሺ ብያለሁ።

ፈርቻለሁ። ጻፍኩት እንግዲህ።

ቅዳሜ፣ ባቱ

ዳማ መጀመሪያ ያሸተተው ቀኝ እጄን ነው። ከዚያ ሸንኮራውን በላ።

ገመቹ ደግፎ ጋሪው ላይ አወጣኝና የዛቡን ጫፍ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። "በል እስቲ፣ የሮቦቱ ጀግና!" ከግቢው ሳንወጣ ነው። ዛቡን ጨበጥኩ። ዳማ ተራመደ። ሳብ አደረግኩት፣ ቆመ። አሁን ማላላት ነው። ጣቶቼ ቀስ ብለው ተከፈቱ፣ አውራ ጣቴ ግን ዛቡ ላይ እንደተቆለመመ ቀረ። የዳማ አንገት ወደ ኋላ ተሳበ። ሌላ ፈረስ ቢሆን ይዞን ይገለበጥ ነበር።

"ሱታ" አልኩት። ቀስ ማለት ነው፤ ዳማ ከኦሮምኛ ሌላ አይሰማም። ጆሮውን ወደኔ አዞረና ረጋ። በግራ እጄ አውራ ጣቴን አላቀቅኩት።

ገመቹ አውራ ጣቴን አየ። "በአንድ ጣቴ እይዘዋለሁ ብዬህ አልነበር? ይኸው፣ አልለቅም አለ" አልኩት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

"አስፋልት ላይ አልወጣም" አልኩት ሳቁ ሲበርድለት። "ገና ነኝ። ለጊዜው አንተ ንዳው።"

እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ዞሮ አየኝ። "ለመቂው ሰው ይቆይ እለዋለሁ" አለ። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

አንድ ነገር ላርም። ሐሙስ አምስቱም ያልኩት ውሸት ነው። አራት ናቸው። አውራ ጣቴን ያላቀቀችው ሌንሴ ናት። ጉንጬን መሳሟ እውነት ነው። ያ ጣት ዕድሜውን ሙሉ ስለ እኔ ሲፈርም ኖሮ፣ ፊደል ቆጠርኩ ብዬ ከሥራ አባረርኩት። ቢያኮርፍ ይፈረድበታል? ዛሬም እንዳልለቀቀ ሰኞ ለሲፈን እነግራታለሁ። የተከፈተልኝ ቀን ቀለም አስነክቼ እዚህ ገጽ ግርጌ እሱ ይፈርማል።

ቦታውን ትቼለታለሁ።