ሴርዋ ምን አለች?

አሳሬክሮም፣ ማክሰኞ፣ ኦገስት 11 ቀን 2009

ለምሳሳልሽ ልጄ ለአጄይዋ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ ደህና ነው? እኛ ዘንድ ጭቃው እስከ ጉልበት ደርሷል። አክስትሽ አንሳ ሰላም ብላሻለች፤ ወገቧን ያማታል፣ ምላሷ ግን ከሁላችንም ጤነኛ ነው።

ከፋሲካ ወዲህ ያልደወልሽበት ምክንያት ገብቶኛል። ያን ዕለት የነገርሽኝን ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አክስትሽ ከባልሽ ሰምታ ወረቀት ላይ ጽፋ ስታሳየኝ ነው። ፅንሱ እንደጨነገፈብሽ እያለቀስሽ ነገርሽኝ፤ እኔ "ጎሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!" አልኩሽ። ልጄ፣ አንድም ቃል አልሰማሁም ነበር። ሁልጊዜ ደህና ነኝ ስለምትዪ፣ ያን ቀንም እንደዚያው ያልሽ መስሎኝ ነው። ስልክሽን በግምት ስመልስ ዓመታት አልፈዋል። ይቅር በዪኝ። የአባትሽ ጆሮ ደንቁሯል።

ሃያ ስድስት ዓመት ጣውላ ፋብሪካው ውስጥ ትልቁ መጋዝ ላይ ቆሜአለሁ። የጆሮ መሸፈኛ አልሰጡንም እንዳልል ሰጥተውናል፤ አንገታችን ላይ አንጠልጥለነው እንውላለን። ጎበዝ ሰንጣቂ መጋዙን የሚያውቀው በጆሮው ነዋ! ግንዱ ውስጥ ድንጋይ ሲነካ ድምፁ ይለወጣል። ጆሮውን የሸፈነውን "ሙሽሪት መጣች!" እያልን እንስቅበት ነበር። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

አምና ነርስ መጥታ መረመረችን። ድምፅ ስትሰሙ እጃችሁን አንሡ አለች። ያልሰማ ከመጋዙ ተነሥቶ የግንድ ልጣጭ ጠራጊ ይሆናል። ከኋላዋ ባለው የመስኮት መስተዋት ጣቷን አየሁ፤ የመመርመሪያውን ቁልፍ ስትጫን እጄን አነሣሁ። "አባቴ፣ የወጣት ጆሮ ነው ያለዎት!" አለችኝ፤ ያንንም ከከንፈሯ አነበብኩት። የሥራ ጓደኛዬ ባዱ በር ላይ ሆኖ አይቶኛል። ስንወጣ ፊቴ ቆሞ፣ "አንተ ሌባ፣ በዓይንህ ሰማህ አይደል?" ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ለማንም አልተናገረብኝም። ሃያ ዓመት ከመጋዙ ማዶ ጣውላ የተቀበለኝ ሰው፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ሁሉን ነገር በእጁ ምልክት ይነግረኝ ጀመር።

በጁን ወር አንድ ዓርብ ትልቅ የኦዱም ግንድ፣ ያን መንፈስ አለበት የሚባለውን ዛፍ፣ ስንሰነጥቅ ግንዱን የሚጎትተው ሰንሰለት የባዱን እጅጌ ያዘው። እጁ ስለተያዘ ምልክት ሊሰጠኝ አልቻለም። ጠራኝ። ደጅ ያሉት ሳይቀሩ ሦስት ጊዜ "ንቲም!" ሲል ሰምተውታል። ማጥፊያው ከእጄ ስንዝር አይርቅም። እኔ ግን ዓይኔ መጋዙ ላይ ነበር።

ማንም አልወቀሰኝም። ጆሮዬ ጤነኛ መሆኑን የነርሷ ወረቀት መስክሮልኛላ! "ኦዱሙ ነው ጆሮህን የዘጋው" ብለው አጽናኑኝ። መንፈሱን ለማብረድ ግንዱ ላይ አረቄ አፈሰሱ፣ በግ አረዱ። እንዲህ በአደጋ የሞተ ሰው ሬሳው ቤት አይገባምና ባዱን ከመንደር ውጭ ቀበሩት። ዛፍ ደግሞ ያለ ምክንያት ሰው አይበላም ብለው ምክንያቱን ሲፈልጉ ሚስቱ ሴርዋ ላይ አረፉ። ሐሙስ፣ ምድር በምታርፍበት ቀን፣ እርሻ ገብታ ቆፍራለች አሉ። የፊታችን ቅዳሜ የባዱ ዘመዶች ተሰብስበው ከነልጆቿ ከቤቷ ሊያስወጧት ነው።

የውጭው ድምፅ ሁሉ ጠፍቶብኛል፤ የውስጡ ግን አይተኛም። ጆሮዬ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ በጩኸቱ መሃል ባዱ ይጠራኛል። ፉፉዬን ስጎርስ ይጠራኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ይጠራኛል። ዘወር ስል ማንም የለም። ያን ዓርብ ያልሰማሁትን ድምፅ ዛሬ ከየት አመጣሁት? ሲጠራኝ እፈራለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ይብሳል።

ከትናንት በስቲያ ሴርዋ ዘንድ ሄድኩ። ከጓሮ ካሳቫ ስትልጥ አገኘኋት። "ሴርዋ፣ ዛፉም አይደለም፣ አንቺም አይደለሽም። እኔ ነኝ። ደንቆሮ ነኝ፤ ከሥራዬ እንዳልነሣ ደብቄ ነው" አልኳት። ቢላዋውን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን በልብሷ ሸፈነችና መናገር ጀመረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ፣ ጨርቁ በትንፋሿ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። ብዙ ተናገረች። ምን እንዳለች አላውቅም። ረገመችኝ? ማረችኝ? የምታለቅስን መበለት ፊትሽን ግለጪና ድገሚልኝ እንዴት ይባላል? እንደ ልማዴ ራሴን ነቀነቅሁ። እሷም ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ እውነቱን እናገራለሁ። ከሥራ ቢያባርሩኝም፣ ቢያስሩኝም ቆርጫለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንቺ ሄደሽ ያን ቀን ምን እንዳለችኝ ሴርዋን ጠይቂልኝ። ከባዕድ አፍ ልሰማው አልችልም፤ የአክስትሽንም ምላስ አላምነውም። በበደልኩሽ ሐዘን ላይ ይህን መጨመሬ ያሳፍረኛል፤ ከአንቺ ሌላ ግን ጆሮ የለኝም። ይህን ወረቀት የታማሌው አውቶቡስ ሾፌር ነገ ያደርስልሻል። ሐሙስ ተነሽና ነይ።

እግዚአብሔር ማኅፀንሽን ይባርክ፣ እንባሽን ያብስልሽ፤ የእናትሽ ነፍስ መንገድሽን ትጠብቅ። ሴርዋ ያለችውን ይዘሽ ስትመጪ፣ ክፉም ቢሆን ፊት ለፊቴ ቆመሽ ንገሪኝ። ብታለቅሺም ፊትሽን አትሸፍኚብኝ።

አባትሽ
ኦፖኩ ንቲም