በጭቃቸው የታሙት ወይዘሮ የትምወርቅ አስናቀ (1951–2012 ዓ.ም.)

ወይዘሮ የትምወርቅ ከአባታቸው ከአቶ አስናቀ ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተዋበች ጌጡ በ1951 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ተወለዱ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚያው ተምረው በታይፒስትነት ሥራ ያዙ። በ1975 ዓ.ም. ከመምህር ንጉሰ ሀብቴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል። በ1986 ዓ.ም. ባለቤታቸው ወደ መቐለ ሲዛወሩ አብረው መጡ፤ ዓዲ ሓቂም ሰፈራቸው ሆነ።

በ2000 ዓ.ም. ልጆቻቸው ከቤት ሲወጡ አንዷን ክፍል ሔሩይ ለሚባል ወጣት አከራዩ። ሔሩይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን በትርፍ ጊዜው ከጭቃ ምስል ይሠራ ነበር። ወይዘሮ የትምወርቅ አጠገቡ ተቀምጠው ተማሩ፤ ሽቦውን እንደ አጥንት ማቆም፣ ሆዱን ቦርቡሮ ማቅለል፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ በጥላ ማድረቅ። የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ተሰነጠቁባቸው። እጃቸው ሲፈታ ግን በዓይን የታየ ነገር መሥራት ተዉ፤ ጃንጥላ የያዘች እንቁራሪት፣ ካባ የደረበ አህያ፣ መነጽር ያደረገ ጅብ አበጁ።

ጅቡ ጣጣ አመጣ። ሸክላ ሠሪን በቡዳነት የሚያማ፣ ቡዳም ጅብ ይሆናል የሚል አይጠፋምና፣ በመስኮት ያዩት ሰዎች ነገር ገጣጠሙ። «የቢሮ ሴት ጭቃ ምን አስነካት?» ተባለ። እሳቸው ሲያልፉ ሕፃን በነጠላ ይሸፈን ጀመር።

በ2003 ዓ.ም. የጎረቤታቸው የወይዘሮ ብርቄ ልጅ ሳምሪ በትኩሳት ወደቀች። እናቲቱ ልጃቸውን ታቅፈው፣ ሰው አስከትለው ወይዘሮ የትምወርቅ ግቢ ገቡ።

«እትዬ የትምወርቅ፣ በማርያም! እንትፍ ይበሉባትና ይልቀቋት!»

ቡዳ የበላውን ሲተፋበት ይድናል ይባላል። ወይዘሮ የትምወርቅ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ቆሙ። «ብተፋ ቡዳ ነኝ ማለቴ ነው፤ ባልተፋ ገደለቻት ትሉኛላችሁ። ልጅቷን ስጡኝ!» ብለው ነጠቋት፤ ከእናቷ ጋር በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሷት። ታይፎይድ ነበር፤ ሳምሪ ዳነች።

ሰፈሩ ግን «ባጃጁ ውስጥ ተፍታባት ነው» አለ። ይባስ ብሎ መምህር ንጉሰ ራሳቸው አንድ ቀን፣ «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ምን አደረግሽላት?» ብለው ጠየቁ።

«አንተም?» አሏቸው። ያን ሰሞን አንድም ምስል አልሠሩም። መምህር ንጉሰ ይቅርታ ማለት ቢያቅታቸው፣ ከከተማው ዳር፣ ከዓይናለም ሰፈር ጥሩ ጭቃ በብስክሌት ጭነው መጡና ሳይጠየቁ ያቦኩት ጀመር። ወይዘሮ የትምወርቅ ጥቂት አይተዋቸው፣ «ውኃ አበዛህ» አሉ፤ ሥራቸውንም ቀጠሉ።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ወይዘሮ ብርቄ አጥሚት እያመጡ አስታመሟቸው። የቡዳ ዓይን ምግብ ላይ ያርፋል ይባላልና፣ ክዳኑን ግን በወይዘሮ የትምወርቅ ፊት ከፍተው አያውቁም። ሕመምተኛዋም አውቀው ዓይናቸውን ይጨፍኑላቸው ነበር።

ወይዘሮ የትምወርቅ ኅዳር 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። በምድር ከሰው አፍ ያላረፈች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ያማናቸውንም ያመንናቸውንም ያጽናን።