ክሬግ ቁልፉን ያልያዘው ቤት

ታኮማ፣ ዋሽንግተን
ኦክቶበር 9 ቀን 2019

ለምወድሽ ልጄ ለትሪና፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያጉረመርማል፤ እዚህ ደግሞ ዝናብ የማይመጣበት ቀን የለም። ቢሆንም ከእናንተ ከስፖኬን በረዶ ይሻላል።

ይህን ደብዳቤ ወደ ቤትሽ ያልላክሁት አድራሻሽ ጠፍቶብኝ አይደለም። በርኒስ ጸጉርሽን ስትሠራሽ እንድትሰጥሽ ብዬ በእሷ ሱቅ አድራሻ ላክሁት። እዚያው ተቀምጠሽ አንብቢና ወረቀቱን ለእሷ ተይላት። ፖስታው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለውን ነገር ግን ይዘሽው ሂጂ። ምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁና አሁን እየዳበስሽ አትገምቺ።

ስልኬ ላይ የተውሽውን መልእክት ሰማሁት። ደግሜም ሰማሁት። “እማዬ፣ ልጅሽ የቤት ደላላ ሆና ሳለ አንቺ ከኢንተርኔት ቤት ትገዢያለሽ? ያውም ኮሚሽን ከሚቀንሱ የቅናሽ ደላሎች? ቢሮው ሁሉ ሳቀብኝ እኮ! ምን አድርጌሽ ነው?” ነው ያልሽው። ምንም አላደረግሽኝም ልጄ። ይቅርታ ግን አልጠይቅሽም። ዛሬም እንደገና ግዢ ብባል ከእነሱው ነው የምገዛው።

ባልሽም ደውሎልኛል። ክሬግ መቼም ሲጀምር ማር ነው። “እማማ ማርሊስ፣ ምን በድለንዎት ነው? እኔ ራሴ ተራራውን ተሻግሬ መጥቼ አስጎበኝዎት ነበር እኮ። ለእርስዎ የሚስማማውን ቤት ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ” አለኝ። ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እኔ ግን “እንዳትደክም ብዬ ነው” ብቻ አልሁት። ማሩ ወዲያው አለቀ። “በየአውቶቡስ ፌርማታው ወንበር ላይ የኔና የልጅሽ የማስታወቂያ ፎቶ ተለጥፎ፣ አማቱ ከመናኛ ደላላ ገዛች ሲባል ምን እንደሚመስል አስበሽዋል?” ሲለኝ፣ “ፎቶህ ላይ ሰው ሁሉ ይቀመጥበታል ክሬግ፣ እኔም ብቀመጥበት ምን አለ?” ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። አባትሽ ኦርቪል በሕይወት ኖሮ ቢሰማኝ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

ይልቅ እንዴት እንደገዛሁ ላጫውትሽ። ሙያሽ ነውና ሳትስቂ አትቀሪም።

ስልኬ ላይ ቤት እመርጥና “ማየት እፈልጋለሁ” የሚለውን እጫናለሁ። አንድ ሰው መጥቶ በር ይከፍትልኛል። ችግሩ ሰውየው በመጣ ቁጥር ሌላ ሰው ነው። አንደኛው ቤቱን እንደኔው ገና ማየቱ ነበር፤ መታጠቢያ ቤቱን ላሳይዎት ብሎ የልብስ ቁም ሣጥን ከፈተና ልብሶቹን “ይቅርታ” አላቸው። ሌላዋ ደግሞ በሩን የምትከፍትበት ቁጥር ያለው ስልኳ ላይ ነው፤ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ መኪናዬ ውስጥ ቻርጅ እስኪያደርግ ድረስ ሁለታችንም ዝናቡን እያየን ተቀመጥን። እሺ፣ ሳቂ።

ሉአን የምትባለው ግን ሌላ ናት። ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ እስክትመልሳቸው ባለው ሰዓት በር የምትከፍት ሴት ናት። አንድ ቤት ገብተን “ኩሽናው እንዴት ያምራል!” ስል፣ ግራ ቀኝ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ “ወይዘሮ ማርሊስ፣ እኔ የሚከፈለኝ በር ለከፈትሁበት ነው። ገዙ አልገዙ ለኔ ያው ነው። ስለዚህ ልንገርዎት፤ ምድር ቤቱን ወርደው ያሽትቱት” አለችኝ። ወርጄ አሸተትሁት። ግድግዳው ውሃ ጠጥቶ በስብሷል። ለካ ላይ ቤት ያ ሁሉ ጥሩ ሽታ ያለው ሻማ የተለኮሰው ለዚህ ኖሯል!

ክፉውንም አልደብቅሽም። የወደድኋትን አንዲት ቢጫ ቤት ያጣኋት በእነሱ ጥፋት ነው። ያቀረብሁትን ዋጋ ጽፋ ለሻጩ ልትልክልኝ የነበረችው ደላላ ዕረፍት ወጣች፣ ሥራዋን የተረከበ ሰው አልነበረም፣ ቤቷም ለሌላ ሰው ተሸጠች። የነገረኝ እንኳ የለም፤ “ተሽጧል” የሚለውን ያነበብሁት እንደማንም መንገደኛ ከስልኬ ላይ ነው። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስሁ። ተናደድሁ፣ ተሳደብሁ። ያን ቀን ላንቺ ልደውልልሽና “ትሪናዬ፣ ነይልኝ፣ እነዚህ ሰዎች አሞኙኝ” ልልሽ ጣቴ ስምሽ ላይ ደርሶ ነበር። እያቃጠለኝ ነው የተውሁት።

በማግስቱ ጮኼባቸው ዴዝመንድ የሚባል ደላላ ሰጡኝ። እስከ ዛሬ ፊቱን አይቼው አላውቅም። ሲያትል ቢሮው ተቀምጦ በስልክ ብቻ ነው የምንገናኘው፤ ድምፁ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ጎርነን ያለ ነው። ገና ከመጀመሪያው፣ “ወይዘሮ ማርሊስ፣ የሚኖሩት ብቻዎን ነው። ሦስት መኝታ ቤት ምን ያደርግልዎታል? ሁለት ካሉ ምርጫው ይሰፋልዎታል” አለኝ።

ይህ ሰው ዘመዴ አይደለም። ስፖኬንን አያውቅ፣ ቤተ ክርስቲያናችንን አያውቅ፣ አንቺን አያውቅ። ለዚህ ይሆናል፣ ለገዛ እህቴ ያልነገርሁትን ለእሱ ዘርግፌ ነገርሁት።

በአባትሽ ቀብር ቀን፣ ሰማዩ እንደዚያ ጠቁሮ፣ ጥቁር መነጽርሽን ቤት ውስጥ እንኳ እንዳላወለቅሽ ነገርሁት። ለእንግዶቹ የድንች ሰላጣውን ስታነሺ እጅጌሽ ወደ ላይ ሸሽቶ ያየሁትን ነገርሁት። ስጠይቅሽ “ለደንበኛ ቤት ሳሳይ የጓዳ በር መታኝ” አልሽኝ። እኔም ያን ቀን ሰው ፊት ነበርንና ዋጥሁት።

ስለ አክስትሽ ልጅ ስለ ዴኒስም ነገርሁት። እሷ ቤት ሄደሽ ባደርሽ በነጋታው፣ ኩሽናዋ ውስጥ ተቀምጦ ከማቀዝቀዣዋ ጭማቂ አውጥቶ ሲጠጣ ያገኛችሁት ማን ነበር? ደወል አልደወለም፣ በር አልሰበረም። ቤቱን ለዴኒስ የሸጠላት ራሱ ክሬግ ነው፤ ሲሸጥላት አንድ ቁልፍ ለራሱ አስቀርቷል። “ለዘመድ ስሸጥ ሁልጊዜ አንድ አስቀራለሁ፣ ለክፉ ቀን ነው” ብሎ ሳቀ አሉ። አንቺም ቦርሳሽን አንስተሽ ተከትለሽው ወጣሽ። ይህን የነገረችኝ ዴኒስ ናት። ለወንድሙም፣ ለእህቱም፣ ለጓደኛሽም ቤት ያገኘላቸው እሱ ነው። የት ብትሄጂ የበሩ ቁልፍ የእሱ መሳቢያ ውስጥ አለ። ባልሽ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው።

አሁን ገባሽ? አንቺ ሸጥሽልኝ ማለት እሱ ሸጠልኝ ማለት ነው። ቢሯችሁ አንድ፣ መሳቢያችሁም አንድ ነው። እኔ የፈለግሁት ቅናሽ አይደለም። እሱ እጁን ያላስገባበት አንድ ቤት ፈልጌ ነው።

ዴዝመንድ ይህን ሁሉ ሰማ። ከዚያ፣ “ሦስተኛው ክፍል ለብቻው የውጭ በር ቢኖረው ይሻል ይሆን?” ብሎ ጠየቀኝ። “በጣም ይሻላል” አልሁት። “እሺ፣ እንግዲህ እንደዚያ ያለ ነው የምንፈልገው” አለ። ሌላ አልጠየቀኝም። ከዚያ ወዲያም በር የሚከፍትልኝ ሰው አልተቀያየረም፤ ሁልጊዜ ሉአን ናት።

ይህን ቤት ስናገኘው የሻጩ ደላላ አፍንጫውን ነፋብን። “ከእናንተ ከቅናሾቹ ጋር መሥራት ራስ ምታት ነው” አለው ለዴዝመንድ። ዴዝመንድም “እንግዲያው ለራስዎ መድኃኒት እንልካለን፣ ደንበኛዬ ግን ቤቱን ትፈልገዋለች” አለው። እኔ ደግሞ ቢጫዋን ቤት የማጣቴ ቁጭት ስላልለቀቀኝ፣ ሌላ ገዢ እንዳይቀድመኝ ብዬ ቤቱን ሳላስመረምር ልፈርም ተነሣሁ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ቀንዱን ልነክስ ስል የያዘኝ ዴዝመንድ ነው። “አይሆንም ወይዘሮ ማርሊስ። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ የሚያፈሰው እዚያ ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው” አለኝ። አስመረመርሁት። ጣሪያው ደህና ነው።

የኩሽናው ወለል ግን ያዘነብላል። እንቁላል ከእጄ ቢያመልጥ ሄጄ የማነሣው ማቀዝቀዣው ሥር ነው። የዕቃ ባቡርም በጓሮ ያልፋል፣ ሳህኖቹ ይንቀጫቀጫሉ። ክሬግ ይህን ቢሰማ ለሳምንት ደስ ይለው ነበር።

ቁልፉን የምረከብበት ቀን ሲደርስ ዴዝመንድ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? “ዛሬውኑ መቆለፊያዎቹን ያስቀይሩ። የሻጩም፣ የደላላውም፣ በእኛ ቢሮ ያለፈውም ቁልፍ ነገ እንዳይሠራ” አለኝ። ደላላ “እኔንም አትመኑኝ” ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ከኮሚሽናቸው ላይ ለገዢ የሚመልሷት ገንዘብ አለች፣ ያቺ ክሬግ “ፍርፋሪ” የሚላት። በፍርፋሪዋ መቆለፊያውን ሁሉ አስቀየርሁ። በተረፈው ለሦስተኛው ክፍል አልጋ ገዛሁ። ሰፋ ያለ ነው፤ ስትተኚ እንደምትገላበጪ አልረሳሁም።

ክሬግ ቢፈልግ አድራሻዬን ከመዝገብ ቤት ያወጣዋል። ያውጣው። አድራሻ በር አይከፍትም። መጥቶ ደጃፌ ላይ ቢቆም ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል ሰው ነው፣ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ይቆጣጠራል። እኔም ፖሊስ መጥራት አያቅተኝም። እኔ አልፈራውም ትሪና። አንቺ ስትፈሪው ግን አይቻለሁ፤ ያንን ካየሁ ወዲህ ደህና እንቅልፍ የለኝም።

ነይ ብዬ አልጎተጉትሽም። ጎትጉቼሽ አይሆንም፤ በራስሽ እግር ካልመጣሽ ተመልሰሽ ትሄጂያለሽ፣ የዴኒስ ቤት አስተምሮኛል። እዚያ ጨርቅ ውስጥ ያለው ቁልፍ ነው። የሦስተኛው ክፍል የውጭ በር ቁልፍ። ያስቀረጽሁት ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው አንገቴ ላይ አለ። ስትመጪ አትደውይ፣ አታንኳኪ፣ ልብስ ልሰብስብ ብለሽም አትዘግዪ። ማካሮኒ በአይብ ሠርቼ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ማሞቅ ብቻ ነው።

እግዚአብሔር መውጫሽን ከሚያይብሽ ዓይን ይሰውርልሽ፤ መንገዱንም ያቅናልሽ። በረዶው ተራራው ላይ ሳይጠነክር።

ደግሞ ሙያሽን ንቄው አይደለም። ጥሩ ደላላ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ይህን ቤት ከጣሪያ እስከ ወለል አይተሽ ምን ያህል እንደተሞኘሁ ብትነግሪኝ፣ ወለሉ ላይ እንቁላል አንከባለሽ ብትስቂብኝ ደስ ይለኛል። ግን በስልክ አልሰማሽም። እዚሁ መጥተሽ፣ ኩሽናዬ ውስጥ ቆመሽ ነው የምትሰድቢኝ።

የማትጸጸተው እናትሽ፣
ማርሊስ