ያልሸተተኝ ቤት

ልጄ፣ የያዝሽው ይባረክልሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ ወጥተሽ አትቅሪብኝ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ግን ጉልበቱ ስላስቸገረው ከሳሎን አይወጣም።

እኔ ሰሞኑን ሰው በደልኩ። የጓሮውን ክፍል የተከራየችው ልብስ ሰፊ፣ «እትዬ፣ ክፍሉ ይሸታል፤ ደንበኞቼ ከበር እየተመለሱ ነው» አለችኝ። ገብቼ ጥጋጥጉን ሁሉ አሸተትኩ፤ ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ስትደግመው ደሜ ፈላ። ሠላሳ ዓመት በእጄ የጠረግኩትን ቤት ይሸታል ማለቷ ስድብ መሰለኝ። «ካልተስማማሽ በወሩ መጨረሻ ልቀቂልኝ» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ጓዟን መሸከፍ ጀመረች።

በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛው የግቢውን ቧንቧ ሊጠግን መጣ። ገና በሯ ጋ ሲደርስ አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ። ወለሉን ቢፈነቅለው የሽንት ቤቱ ቱቦ ተሰንጥቆ ከሥር ረግረግ ሆኗል። እሱም እሷም ወደ ውጭ ሮጡ። እኔ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ምንም አልሸተተኝም። አፍንጫዬ እንደከዳኝ ያኔ ገባኝ።

ይቅርታ ጠይቄያት ቀርታለች። አሁን ጠዋት ጠዋት ወተቱን አሽትታ «ደህና ነው፣ እትዬ» ትለኛለች፤ ጋዙን መዝጋቴንም ጎራ ብላ ታያለች። ለአባትሽ አልነገርኩትም፤ አንቺም እንዳትነግሪው።

ባለፈው የላክሽልኝን ሽቶ «ደስ ሲል» ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው። በይ ልጄ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ስትደውዪ፣ ሽቶው ምን ምን እንደሚል ንገሪኝ።