ሆዱ ሰማይ የመሰለ አውሮፕላን፦ የጋሽ ለምን የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ለምን» እያለ የሚጠራቸው አባታችን፣ ደብዳቤ ያድሉ ከነበሩት አባታቸውና የሰው ልብስ እያጠቡ ቤታቸውን ይደግፉ ከነበሩት እናታቸው፣ የዛሬ ሰማንያ አንድ ዓመት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። በአራት ዓመት የሚበልጧቸው እህታቸው፣ አክስታችን እንደሚናገሩት፣ አፋቸውን የፈቱት «እማ» ብለው ሳይሆን «ምንድነው?» ብለው ነው። እውነት ይሁን የእህት ማጋነን ማረጋገጥ አልቻልኩም። እሳቸው ግን ሲነገር ሰምተው አስተባብለው አያውቁም።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ጦርነቱ ከተማው ደረሰ። አንድ ጠዋት ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ ግቢያቸው ውስጥ ወድቆ እናታቸው ሞቱ፤ እሳቸውም ግራ ትከሻቸው ላይ ቆሰሉ። ስለዚያ ጠዋት ለሚስታቸውም ሆነ ለእኛ ለልጆቻቸው ከዚህ ያለፈ ቃል ተናግረው አያውቁም ነበር። አባታቸው የደብዳቤ ቦርሳቸውን አንግተው ሲዞሩ ስለሚውሉ፣ ያሳደጓቸው ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበሩት አክስታችን ናቸው። አክስታችን ለዚህ ብለው ትምህርታቸውን ትተው ልብስ ስፌት ገቡ።

አባታችን በትምህርት ቤት ጎበዝ ነበሩ ማለት ይከብደኛል። መምህራኑ ያልጠየቋቸውን ይመልሳሉ፣ የጠየቋቸውን ደግሞ መልሰው ይጠይቃሉ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው በአንድ የአውቶቡስ ጋራዥ የቀለም ክፍል ውስጥ በጽዳት ተቀጠሩ፤ ከዚያው ክፍል የወጡት ከአርባ አራት ዓመት በኋላ፣ ኃላፊው ሆነው ነው። ቅጽል ስማቸውን ያወጡላቸው የመጀመሪያ አለቃቸው ናቸው። የአውቶቡሶቹ ጣሪያ ነጭ የሆነው ለምን እንደሆነ፣ ለፀሐይ ነው ሲባሉም የመሸ ጊዜ ብቻ የሚሠሩት ለምን ነጭ እንደሆኑ ሲጠይቁ፣ አለቃው «አንተ ልጅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ለምን ነው፤ አሁን ባልዲውን አንሳ!» አሏቸው ይባላል። ስሙ ተጣበቀ። እጃቸው ግን ከአፋቸው የበለጠ የተመሰከረለት ነበር። የተጋጨ አውቶቡስ አንድ በሩ ብቻ ተቀብቶ ሲወጣ፣ የተቀባው የቱ እንደሆነ ሾፌሩ ራሱ አይለየውም ነበር።

ትዳራቸውንም ያገኙት በጥያቄ ነው። የዛገ ላሜራ እጃቸውን ቆርጧቸው ጤና ጣቢያ ሄዱ። በመርፌ ክፍል ትሠራ ለነበረች ወጣት ነርስ የመርፌው ጫፍ ለምን በሰያፍ እንደተቆረጠ ጠየቋት። እናታችን ይህን ሲያወሩ «ስንቱን ሰው ወጋሁ፤ ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን አፍጥጦ መርፌውን የመረመረው እሱ ብቻ ነው» ይላሉ። በተዋወቁ በዓመቱ ተጋቡ፤ ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ይህን ጽፌ በፊታችሁ የማነበው እኔ ሁለተኛዋ ልጃቸው ነኝ።

በስልሳ ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡ፣ ሁላችንም ጓሮውን ያለማሉ ብለን ነበር። እሳቸው ግን የቴክኒክ ኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት መመላለስ ጀመሩ። በሁለተኛው ወር፣ የልብስ መተኮሻ ክፍላችን ግድግዳ ላይ የአንድ ባለ ሁለት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ንድፍ ተለጠፈ። ከእውነተኛው ሠላሳ ሁለት ጊዜ ያነሰ፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ክንድ ከስንዝር የሚሆን ሞዴል ሊሠሩ ነው። እናታችን ጎረቤት ሲጠይቋቸው «የሰው ባል ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል፤ የኔው አውሮፕላን ያረባል» ይሉ ነበር።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። አክስታችን አንድ ቀን ሊጠይቁን መጥተው ንድፉን አዩና፣ በዚያ ጠዋት የመጣው ዓይነት አውሮፕላን መሆኑን ወዲያው አወቁ። ነጠላቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«የእናትህን ገዳይ ነው እቤትህ አስገብተህ የምታሽሞነሙነው?» አሏቸው።

«ማወቅ የምፈልገው ነገር አለ፣ እትዬ» አሉ አባታችን።

«ምኑን?»

አባታችን ፊታቸውን ወደ ንድፉ መለሱ። አክስታችን ከዚያ ቀን በኋላ ለስድስት ዓመት ያህል ቤታችን አልመጡም። አባታችን በየሳምንቱ እሳቸው ዘንድ እየሄዱ ይጠይቋቸዋል፤ ስለ አውሮፕላኑ ግን ሁለቱም አያነሱም።

ሥራው ስድስት ዓመት ፈጀ። አጽሙን ከስስ እንጨት፣ ቆዳውን ከቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ ሠሩት። በእውነተኛው ላይ ላሜራውን የሚያያይዙት ሪቬቶች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸውና፣ አባታችን እናታችንን የደነዘዘ የሕክምና መርፌ ለመኗቸው፤ ሰያፍ ጫፉን ሞርደው በቀረው ክብ አፉ ላሜራውን አንድ በአንድ እየጫኑ የሪቬቶቹን ራስ አወጡ። መስኮቶቹን በሻማ አሙቀው ካለሰለሱት ፕላስቲክ ቀረጹ። ውስጡ የሚገቡት ሰዎች አራት ናቸው። በአፍንጫው ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ቦምቡን የሚለቀውን ሰው ግን አሥራ አንድ ጊዜ ሠርተው አሥራ አንድ ጊዜ ጣሉት። «ምን ዓይነት ፊት ይኖረው ይሆን?» ይሉ ነበር ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እያዩት። «ሲያስነጥሰውስ ምን ያደርጋል?»

ከሁሉ በላይ ያስጨነቃቸው ግን ቀለሙ ነበር። ከላይ የሚታየው አረንጓዴና ቡናማ በአንድ ወር አለቀ። የሆዱ ሰማያዊ ዓመት ተኩል ወሰደ። አንዱ መጽሐፍ ግራጫ የነካው ይለዋል፤ ሌላው አረንጓዴ የነካው። እንዲህ ዓይነት አውሮፕላን ላለው አንድ የሩቅ አገር ሙዚየም አራት ደብዳቤ ጻፉ። በአራተኛው ላይ ከብረት ክዳን ሥር፣ ፀሐይ ካልነካው ቦታ የተፋቀ የጥፍር ያህል ቀለም በፖስታ መጣላቸው። እንዲያ ሲደሰቱ ያየኋቸው ወንድሜ ሲወለድ ብቻ ነው። በቆርቆሮ ክዳኖች ላይ ሠላሳ አንድ ዓይነት ሰማያዊ በጠበጡ። የመጨረሻው ከናሙናው ሲነጣ አይቼ ተሳሳቱ እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ትልቁን ነገር ስታሳንሺው ቀለሙ ይጠቁራል» አሉኝ። «በመሃል ያለውን አየርም አብረሽ መቀባት አለብሽ።»

ቀለሙ ሲደርቅ ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጡት ነው ብለን ስንጠብቅ፣ ከሰማይ ሥር ሊያዩት እንደሚፈልጉ ነገሩን። በሰፈራችን ረጅም ሕንፃ ይሠራ ነበር፤ የክሬኑ ኦፕሬተር ጎረቤታችን ነው። ሥራ በሌለበት ቀን፣ ከዘበኛውም ከኃላፊውም አስፈቅዶ፣ ሞዴሉን ከክሬኑ ክንድ ጫፍ በዓሣ ማጥመጃ ክር ስልሳ ሜትር ላይ ሰቀለው። ስልሳ ሜትር በሠላሳ ሁለት ሲባዛ፣ እውነተኛው አውሮፕላን ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ እንደበረረ ይቆጠራል።

ቀኑ ደመናማ ነበር። አውሮፕላኑ ወተት ውስጥ እንደ ወደቀ ዝንብ ቁልጭ ብሎ ታየ። እኛ አጨበጨብን። አባታችን ግን አላጨበጨቡም። ሆዱ ወደ መሬት ስለዞረና ብርሃን ስላላገኘ፣ ሰማያዊው ጠቁሮ መታየቱን አስረዱንና ቤታቸው ገቡ። ሦስት ቀን ምግብ አስጠላቸው። ስድስት ዓመት የለፉበት ሥራ አምሮላቸው ሳለ ምን እንዳስከፋቸው እናታችን እንኳን ሊገባቸው አልቻለም።

በአራተኛው ቀን ልብሳቸውን ለብሰው አክስታችን ቤት ሄዱ። ዕድሜ ልካቸውን ያልተነጋገሩበትን ጠዋት የዚያን ዕለት ጠየቁ። እኔ አብሬያቸው ነበርኩ።

«እትዬ፣ ያኔ ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች?»

አክስታችን መርፌያቸውን ልብሱ ላይ ሰኩ። ከዚያ «ከቧንቧ እየተመለስኩ ነበር» አሉ። «ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ ናት። የባልዲው ውኃ እያብለጨለጨ ዓይኔን ይወጋኛል። የመጣውም ከዚያው ከፀሐይዋ ውስጥ ነው። ድምፁን እንኳን የሰማሁት አናታችን ላይ ሲደርስ ነው፤ ባቡሩ ይጮህ ነበር።»

«ስንት ሰዓት ይሆናል?»

«ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። ለምንድነው የምትጠይቀኝ?»

«እሑድ ነይና እነግርሻለሁ» አሉ አባታችን።

እሑድ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ጎረቤታችን ሞዴሉን እንደገና ሰቀለው። አክስታችንም መጡ፤ ከሁላችን ራቅ ብለው ቆሙ። ሦስት ሰዓት ሲሆን አባታችን ፀሐይዋ ከአውሮፕላኑ ጀርባ እስክትሆን ድረስ ወደ ምዕራብ ወሰዱን። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«ቀና በይና እዪ። የሚመጣ ነገር አለ?»

ቀና አልኩ። ዓይኔ ውኃ ሞላ። የክሬኑን ክንድ አየሁ፤ ከሥሩ ብርሃን ብቻ ነው።

«ምንም የለም፣ አባዬ» አልኩ።

«ደግመሽ እዪ።»

«ኧረ ምንም የለም!»

አባታችን የአሸዋ ክምር ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። በስልሳ ስድስት ዓመታቸው እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ከዚያም ነገሩን። ነጭ ነገር ከላይ ስለሚታይ በቀን ማስጣት ተከልክሎ ነበር። እናታቸው ግን የደንበኛ አንሶላ የሚያስረክቡበት ቀን ስለደረሰባቸው ትንሽ ልጃቸውን ሰማይ እንዲጠብቅ አቆሙት። «ልጄ፣ የሚመጣ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ቀና ብሎ አየና «ምንም የለም» አላቸው። አንሶላውን ገመዱ ላይ ዘረጉት።

«በደንብ ሳላይ ይሆን የነገርኳት እያልኩ ኖርኩ» አሉ። «አይቼ ነበር። በደንብ አይቼ ነበር።»

አክስታችን ራቅ ካሉበት መጥተው በነጠላቸው ጫፍ ትከሻቸውን መታ አደረጓቸው። «ይህን ይዘህ ነው ስልሳ ዓመት ለምን ለምን ስትል የኖርከው? ለኔ አትነግረኝም? እኔ አይደለሁ ያሳደግኩህ?» አሏቸው። ቀጥለውም አሸዋው ላይ አብረዋቸው ተቀመጡ። ክሬኑ ሞዴሉን እስኪያወርድ ድረስ ሁለቱም አልተነሱም።

ከዚያ በኋላ አክስታችን ወደ ቤታችን መምጣት ጀመሩ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ከስስ ጥብጣብ ለአራቱ ሰዎች የደኅንነት ቀበቶ ሰፉላቸው። ለምን እንደደከሙ ብጠይቃቸው «የሰው ልጆች አይደሉ? ይወድቃሉ» አሉኝ። አባታችንም አሥራ ሁለተኛውን ሰው ሠሩና ሳይጥሉት ቀሩ። ሞዴሉን ለቴክኒክ ኮሌጁ ሰጡ፤ እስከ ሰባ አምስት ዓመታቸውም በዓመት ሁለት ጊዜ እየሄዱ ለቀለም ተማሪዎች ትምህርት ይሰጡ ነበር። ክፍለ ጊዜያቸው አንድ ሰዓት ነው ይባላል፤ በሦስት ሰዓትም ጨርሰው አያውቁም።

ለአርባ አራት ዓመት የሳቡት የቀለም ጢስ ሳንባቸውን ጎድቶት ስለነበር፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሕመሙ በረታባቸው። ራጃቸውን የሚያነብላቸውን ሐኪም ጥቁሩ አየር ይሁን ሥጋ እየጠየቁ አድክመውታል፤ ሐኪሙም ከሌሎች በሽተኞች ይልቅ እሳቸው ዘንድ እንደሚቆይ ነርሶቹ ነግረውናል። ሁላችንም ባለንበት፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰማንያ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተውልን ሄደዋል። ድካማቸውን ያየ ፈጣሪ ዕረፍታቸውን ያስፋላቸው፤ እናታችንንም ያጽናልን።

ሰማንያ አምስት ዓመት የሆናቸው አክስታችን ይህን ጽሑፍ ትናንት አንብቤላቸው፣ አንድ ነገር ጎድሏል ብለው በአፋቸው አጻፉኝ። እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ እናታችንን ምንም የለም ያላት እውነቱን ነው። እኔም በዚያች ሰዓት ወደ ሰማይ አይቼ ነበር፤ ያየሁት ፀሐይ ነው። ልጁ ጥፋት የለበትም። ይህ በሰው ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብልኝ።»

አነበብኩት፣ እትዬ።